የመንዝ የድንጋይ ቤት፦ ከጓሳ ክዳን እስከ ቆርቆሮ

ወደ ማኅበራችን ከሚመጡት የብድር ማመልከቻዎች መካከል «ለቤት ክዳን» የሚለው ምክንያት ደጋግሞ ይታያል። አመልካቾቹ የሚፈልጉት በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ የሣሩን ክዳን አውርደው ቆርቆሮ መምታት። ከደጋፊዎቻችን በኩል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ይደርሱናል። አንዳንዶቹ ሁሉም ቤት በቶሎ ቆርቆሮ እንዲለብስ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ፣ በተለይ ጓሳን ለመጎብኘት መጥተው የተመለሱት፣ ያ ያማረ የሣር ቤት ለምን ይፈርሳል ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ቤቱን የሚያዩት ከውጭ ነው። እኛ ኖረንበት የምናውቀውን፣ ከእናቶቻችንና ከሽማግሌዎች የሰማነውን፣ ከመጻሕፍትም ያገኘነውን አሰባስበን የዚህን ቤት ታሪክ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እናቀርባለን።

ከድንጋዩ እንጀምር። በብዙ የአማራ አካባቢዎች የገጠር ቤት ማለት እንጨት ተተክሎ በጭቃ የተመረገ ቤት ነው። መንዝ ላይ ግን ግድግዳው ድንጋይ ነው። ምክንያቱ ሀብት አይደለም፤ የእንጨት እጦት ነው። የጓሳ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዙሪያው ያሉት መንደሮችም ከዚያ ብዙም ዝቅ አይሉም። በዚህ ብርድ ዛፍ እንደልብ አይበቅልም። ለማገዶ እንኳ ኩበትና ቁጥቋጦ ነው የምናነደው። ጥቁሩ ድንጋይ ግን ከማሳው በየዓመቱ ሲለቀም ይኖራል፤ ገበሬው ለማረስ ሲል ያወጣዋል፣ ያወጣውን ይክበዋል። ከፊሉ የማሳ ድንበር፣ ከፊሉ የበጎች በረት፣ ከፊሉ ደግሞ ቤት ይሆናል።

ቤቱ ክብ የሆነውም በምክንያት ነው። አራት ማዕዘን ቤት በየማዕዘኑ ተጠርቦ የሚገጥም ድንጋይ ይፈልጋል፤ ያን የሚጠርብ ግንበኛም ይፈልጋል። ክብ ቤት ግን እንደተገኘው ድንጋይ ይካባል። የሚያስፈልገው ግድግዳም ውስጡ ከሚሰጠው ስፋት አንጻር ከሁሉም ቅርጽ ያነሰ ነው። የጓሳ ነፋስም የሚያነሣው ማዕዘን አያገኝም። ግድግዳው በውጭና በውስጥ በሁለት ረድፍ ይካብና መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ውፍረቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ላደረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዚህ ቤት ዕድሜ ስንት ነው ተብለን ስንጠየቅ መልሱ ቀላል አይደለም። መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚጠራ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሸዋ መሳፍንት ሥርወ መንግሥት የተነሣበት አገር ነው። ነጋሲ ክርስቶስ የተነሡት ከዚሁ ከመንዝ ነበር። ሆኖም ተራው ሰው የሚኖርበት ቤት እንደ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተበት ዘመን አይጻፍለትም። ግድግዳው አያት ከአያቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያው የልጅ ልጅ የከደነው፣ መደቡ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት የተለሰነ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ የሦስትና የአራት ትውልድ ሥራ ነው። «አሮጌ ቤት» ስንል የትኛውን ክፍሉን ማለታችን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

በተለይ ስለ ቤት ሲጻፍ የሚዘለለውን የውስጡን ክፍል በደንብ ማየት እንፈልጋለን። ወንዶች ግድግዳውን በደቦ ካብ አድርገው፣ ምሰሶውን ተክለው፣ ወራጁን አሰናድተው፣ በማገር አስረው ክዳኑን ሲጨርሱ «ቤት ተሠራ» ይባላል። ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ግን የሴቷ ግንባታ ይጀምራል፤ ይኸኛው ደግሞ አያልቅም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ ግድግዳውን ከውስጥ ትመርጋለች። ለመቀመጫና ለመኝታ መደብ ትሠራለች። እህል የሚቀመጥበትን ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ጠፍጥፋ፣ አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እያደረቀች ታቆማለች። ምድጃውን ታበጃለች። ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፤ ለበዓል፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር እንደገና ትለቀልቃለች። ጓዳው የት እንደሚሆን፣ እሳቱ ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ የምትወስነው እሷ ናት። በሌላ አነጋገር የድንጋዩ ግድግዳ በመቶ ዓመት አንዴ ሲሠራ ውስጡ በየዓመቱ ይሠራል። ይህ ቤት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል ከተባለ ከለወጡት እጆች የሚበዙት የሴቶች ናቸው።

በድሮው አሠራር ከብቱም በቤቱ ውስጥ ድርሻ ነበረው። በአንድ ወገን ጋጥ፣ ከላዩ ቆጥ፣ መሐል ላይ እሳት። ከብቱ ሙቀት ይሰጣል፣ ሰው ደግሞ ከሌባና ከአውሬ ይጠብቀዋል። ዛሬም አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ብለን እንመርቃለን፤ እሱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። እምቦሳ ከማይገባበት ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆመን እንኳ ይህንኑ እንላለን። ከብቱን ከቤት ማውጣት የጤና ሠራተኞች ከመከሩን ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው። ጋጡ ሲወጣ ግን ሙቀቱም አብሮ ወጣ። ያንን የሚተካው የበግ ጠጉር ልብስ ነው። ማኅበረሰብ አጥኚው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ ተቀምጠው ሲያጠኑ ከመዘገቧቸው ነገሮች አንዱ ከበግ ጠጉር የሚሠራው በና ነው። ጠጉሩን የሚፈትሉት ሴቶች ነበሩ፤ አሁንም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። የመንዝ ቤት ታሪክ ዋናው ያለው ከግድግዳው በላይ ነው።

ጓሳ የሚለው ስም የቦታም የሣርም ስም ነው። ሣሩ ረጅም፣ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ መከለያ ገሳ ይሠራበታል፣ መጥረጊያ ይሆናል፣ ለመኝታም ይነጠፋል። እንደ ገብስ ጭድ ቶሎ አይበሰብስም። ጓሳ ባይኖር ኖሮ የድንጋዩ ቤት ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እንጨት በሌለበት አገር ያን የሚያህል ጣሪያ ቀላልና ውኃ የማያስገባ አድርጎ የሚሸፍን ሌላ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሣሩ ይጠበቅ ነበር። ጥበቃው የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ አቅኚ አባቶች የሚባሉትም አስቦና ጌራ ናቸው። የእነሱ ዘር የሆነ ሁሉ በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ነበረው። የአማራ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር ሴት ልጅም በዘሯ ትጠይቃለች፤ በተግባር ድምፅዋ የቱን ያህል ይሰማ ነበር የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ጥበቃው የሚመራበት ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ዛሬ በሌላ ትርጉም ከሚታወቀው ቃል ጋር እንዳይምታታ። ሕዝቡ የሚመርጣቸው አለቆች፣ አባ ቄራና አፈሮ የሚባሉት፣ በየአጥቢያው ያለውን ሰው አስተባብረው ጓሳን ያስጠብቃሉ። መሬቱ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ አቦ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ተመልሶ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጓሳ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በቀይ ቀበሮው፣ በጭላዳውና በጅብራው ነው። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ መሬት ሳይታረስ የኖረው ግን ለቀይ ቀበሮ ተብሎ አይደለም። ለጣሪያ ተብሎ ነው። ቤት የሚከድን ሣር ካልተጠበቀ ልጅ ጎጆ አይወጣም፤ ጎጆ ካልወጣ ጋብቻ የለም። አባቶች ጥብቅ የሆነ ሕግ ያወጡት ለዚህ ነበር። ቀበሮውና ጭላዳው በክዳኑ ጥላ ሥር አብረው ተረፉ።

የክዳኑ ወጪ በብር አይቆጠርም ነበር። ጓሳ ሲከፈት ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል። የሚያጭደው ያጭዳል፣ የሚያስረው ያስራል፤ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባ ያወርዳል። ሴቶች ለሠራተኛው ምግብና ጠላ ያዘጋጃሉ፣ ተመልሰውም ሸክም ይሸከማሉ። ክዳኑ የሚሠራው በወንፈልና በደቦ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ወንፈል የምትመልስበት የወንድ ጉልበት ከሌላት ክዳኗ ይዘገያል፤ የመንደሩ ሰው እስኪደርስላት ሁለት ክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ትኖራለች። የሣር ቤት ናፍቆት የሚይዛቸው ወዳጆቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል። በኅብረት የሚሠራ ነገር ሁሉ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ርስት የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ከነጭራሹ ከጓሳ የሚያጭዱበት መብት አልነበራቸውም።

ጣሪያውን የሚያጠፋው ዝናብ ብቻ አልነበረም። በጣልያን ወረራ ዘመን መንዝና አካባቢው የአርበኞች አገር ስለነበር መንደሮች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በጣልያን ጦር በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። ሰው ቤቱን ጥሎ ዋሻ የገባበት ዘመን ነበር። እሳት ሣሩንና ወራጁን ይበላል፤ የድንጋዩን ግድግዳ ግን አጥቁሮት ያልፋል። የተረፈው ሰው ሲመለስ በዚያው ግድግዳ ላይ አዲስ ክዳን ያነሣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ። ፍርዱ ቀላል አይደለም። ርስት አልባ የነበረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓሳ ድርሻ አገኘ፤ ለእሱ ቤትም የጓሳ ክዳን ደረሰለት። በሌላ በኩል ጠባቂው ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ሣሩ ባጠረ ቁጥር ክዳኑ ሳሳ፤ ክዳኑ በሳሳ ቁጥር ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መዝጋትና መክፈቱ ተመለሰ። ጓሳም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወቀ።

በዚህ መሐል ቆርቆሮ ደርሶ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ከውጭ የሚመጣ ቆርቆሮ ማጓጓዝ ቀለለ። ገጠር ለመድረስ ግን ጊዜ ወስዶበታል። መጀመሪያ የለበሱት አብያተ ክርስቲያናትና የባለሥልጣን ቤቶች ነበሩ። ከጣርማ በር በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ መኪና ማመላለስ ሲጀምር ቆርቆሮው ወደ መንደሩ ቀረበ። ባህር ዛፍም በዝቅተኛው ቦታ ስለተስፋፋ ቀጥ ያለ እንጨት ተገኘ።

ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ክብ ቤት አይወድም። ክብ ጣሪያ ላይ ለመምታት ቆርቆሮው በየጎኑ መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠውም ይባክናል። ስለዚህ በመንደሮቻችን ሦስት ዓይነት መፍትሔ እናያለን። አንዳንዱ ክቡን ግድግዳ እንዳለ ትቶ ከውጭ አራት ማዕዘን አድርጎ ቋሚ ይተክልና በላዩ ቆርቆሮ ይጭናል፤ በግድግዳውና በቋሚው መሐል የቀረው ቦታ በረንዳ፣ የበግ ማደሪያ ወይም የማገዶ ማስቀመጫ ይሆናል። ሌላው ከክቡ ጎን ቆርቆሮ የለበሰ አራት ማዕዘን ክፍል ቀጥሎ የድሮውን ማድ ቤት ያደርገዋል። ሦስተኛው ግድግዳውን ጨርሶ አፍርሶ ድንጋዩን ለአዲሱ ቤት መሠረት ያውለዋል፤ ከመሠረቱ በላይ ያለው ግን የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ይሆናል። ለእኛ የሚያሳዝነን ይህ የመጨረሻው ነው። በዚህ ውርጭ ከወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወጥቶ በስስ የጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ሥር ማደር ቤትን ማሻሻል ሊባል አይችልም።

የቆርቆሮን ጉዳት የኖረበት ያውቀዋል። ሌሊት ይበርዳል። ጎሕ ሲቀድ ከሥሩ የተጠራቀመው እንፋሎት ይንጠባጠባል። በረዶ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው አይሰማም። የሣር ክዳን ጢስን ቀስ እያለ ያሳልፍ ነበር፤ ጢሱም ሣሩን ከብልና ከእርጥበት ይጠብቀው ነበር። ቆርቆሮ ጢሱን መልሶ ወደ ዓይናችን ያወርደዋል፤ መስኮት ካልተከፈተ ወይም ማድ ቤቱ ካልተለየ የእናትን ሳምባ ያጠቃል። ከገበያ ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛው ቀጭኑ ቆርቆሮ ደግሞ፣ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚሳሳው፣ የጓሳን ነፋስ አይችልም።

ጥቅሙም ግን እውነት ነው፤ አመልካቾቻችን ተታለው አይደለም የሚጠይቁት። እሳት አይፈራም። ሰው አይለመንለትም። አሸንዳ ከተገጠመለት የክረምቱ ውኃ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ምንጭ ለመውረድና ለመውጣት የሚጠፋው ሰዓት ለሴቷ ይተርፋል። በማኅበራችን ያሉ ብዙዎች ቆርቆሮን የሚወዱት ከምንም በላይ ለዚህ ውኃ ነው ብንል አልተጋነነም።

ሌላም የሒሳብ ሰው የሚያየው ነገር አለ። የሣር ክዳን ሀብት ተብሎ አይመዘገብም፤ የማያቋርጥ የጥገና ወጪ ነው፣ ያውም በጉልበት የሚከፈል። ቆርቆሮ ግን ንብረት ነው። ስንት ቅጠል እንደሆነ ይቆጠራል፣ ዋጋ አለው፣ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል፣ ሲያስፈልግ ይሸጣል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ትርጉም አለው። ድሮ ጋብቻ ሲፈርስ ሴቷ ሃያ ዓመት የተሸከመችው ሣር፣ የለቀለቀችው ወለል፣ ያቆመችው ጎታ በማንም ሽማግሌ አይቆጠርላትም ነበር። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ሀብት የጋራ አድርጎታል። በዚያው ዘመን በተጀመረው የመሬት ምዝገባ የይዞታ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። በብድርና በቁጠባዋ የገዛችው ቆርቆሮ ደረሰኝ አለው። በክርክር ጊዜ ደረሰኝ ይናገራል። የቆርቆሮ ቤትን አስቀያሚ ለሚሉ ወዳጆቻችን ይህንንም እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።

የድሮውን ቤት እንዳለ ማቆየት ከተፈለገ ምን እንደሚመስል ከላሊበላ ማየት ይቻላል። በአብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ ያሉት ከቀይ ድንጋይ የተካቡ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ቤቶች ቦታው በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበለት ምክንያት ጋር አብረው ይጠቀሳሉ። ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ብዙዎቹ ያለ ሰው ቆመዋል። ወለሉን የሚለቀልቅ፣ ምድጃውን የሚያነድ የለም። ከላይ እንዳልነው ቤቱ በየዓመቱ ከውስጥ የሚሠራ ነገር ከሆነ፣ ሴቶቹ ከወጡ በኋላ የቀረው ቅርፊቱ ነው። ለመንዝ ይህን አንመኝም።

የሚያሳስበን ጓሳው ነው። ተራራው የተጠበቀው ለጣሪያ ከሆነ፣ ሁላችንም ቆርቆሮ ስንለብስ ነገ ማን ምን ብሎ ይጠብቀዋል? ጎብኚ የሚያመጣው ገቢ አለ፣ የጥበቃ ሥራም አለ፤ ግን የጎብኚ ገቢ እንደ አገሩ ሰላም ይመጣል ይሄዳል። የክዳን ሣር ግን ዛሬም ሽያጭ አለው፤ ገመድና ሌላ የእጅ ሥራም ከጓሳ ይሠራል። ወፍራም ክዳን ከድኖ፣ ጉልላቱን ገጥሞ፣ ውኃ የማያስገባ አድርጎ መጨረስ የሚችሉ ባለሙያዎች ግን አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው መዶሻና ሚስማር ነው የለመዱት።

በማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ተነጋግረን ለቤት ክዳን የሚሰጠው ብድር እንዲቀጥል ተስማምተናል። ማመልከቻው ላይ ግን ጥቂት መስመሮች ተጨምረዋል። የድንጋዩ ግድግዳ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል ይላል አንዱ። ለአሸንዳና ለኮርኒስ የሚሆን ገንዘብ በብድሩ ውስጥ ይካተት ወይ ይላል ሌላው፤ ከኮርኒሱ በላይ የጓሳ ሣር ተነጥፎ ብርዱን እንዲከላከል የሞከሩ አሉና ውጤቱን እየተከታተልን ነው። ማድ ቤቱን በሣር ለመክደን የምትፈልግ አባል ካለች የባለሙያው ዋጋና የአንድ ተለማማጅ ወጣት አበል በብድሩ ይሸፈንላታል፤ ተለማማጇ ሴት ብትሆንም እንቀበላለን። እስካሁን ክዳን ላይ የወጣች ሴት አላየንም፤ ሣሩን ከጓሳ እስከ ደጃፍ ያደረሰች ግን ቁጥር የላትም። አዲሱ ቅጽ ከሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ጀምሮ ከጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል።